ኮሌታቸው ደህና አደረ?

ቅዳሜ ማለዳ ሻንጣዋን ስትዘጋ ዚፑ ሦስት ጊዜ እምቢ አላት። ይታያችሁ! በሆቴሉ የልብስ ክፍል ውስጥ አምስት ዓመት ሙሉ የስንቱን እንግዳ ዚፕ ስትቀይር፣ የስንቱን ሱሪ ስታሳጥር፣ የስንቱን ካፖርት ገበር ስትሰፋ የኖረች ሴት፣ ጓደኞቿ «መርፌ» የሚል ስም ያወጡላት ሴት፣ የገዛ ሻንጣዋን መዝጋት አቃታት።  በመስኮት ቁልቁል ስታይ መኪናው ደርሷል፤ ፍቅረኛዋም የኋላውን በር ከፍቶ፣ አንገቱን አቅንቶ ወደ እሷ መስኮት ያያል። ገና ሲያያት ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ አውለበለበ። የዚያን ዓይነት የደስታ ፊት ማየት አልቻለችም፤ ከመስኮቱ ዞር አለች።

ሁለት ቀን፤ ቅዳሜና እሑድ። ሁለት ቀን አፏን ብትይዝ ያልፋል። «ሆድ ይፍጀው» ብላ ሻንጣውን እንደተከፈተ አቅፋ ወረደች።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ፣ ካልሆነ ይህቺን ልጅ ትፈርዱባታላችሁ።

እሱ አሳንሰር ጠጋኝ ነው። ቀኑን ሙሉ በረጃጅም ሕንፃዎች ጉድጓድ ውስጥ በገመድ ተንጠልጥሎ ይውላል። ጓደኞቹም «አሳንሰር» ይሉታል፤ ለሙያው ብቻ አይደለም፤ ሲደሰት ሰማይ ነው፣ ሲከፋው ምድር ቤት ነው፣ መሐል ፎቅ ላይ መቆም የሚባል ነገር አያውቅም። አገር ቤት ግን የታወቀ የጅምላ ነጋዴ ልጅ ነበር። የመርፌ እናት ደግሞ በዚያው ነጋዴ ቤት ልብስ አጣቢ ነበረች።

መርፌ በልጅነቷ የታጠበና የተተኮሰ ሸሚዝ በክንዷ ላይ አንጥፋ በጓሮ በር ትገባ ነበር። ጌታው ሸሚዙን ወደ ብርሃን ያነሱና ኮሌታውን ያያሉ። ኮሌታው ላይ ፀጉር የምታህል መስመር ካገኙ «ይመለስ» ይላሉ። ሌላ ቃል የላቸውም። ልጅቷ ይዛው ትመለሳለች፣ እናቷ ትተኩሳለች፣ ልጅቷ እንደገና ትሄዳለች። አራት ጊዜ የተመላለሰችበት ቀን አለ።

ዓመታት አለፉና የነጋዴው ልጅና የአጣቢዋ ልጅ በሰው አገር፣ በአንድ ሆቴል የዕቃ ማውጫ አሳንሰር ውስጥ ተገናኙ። እሱ መፍቻ ይዟል፤ እሷ ሃያ ሸሚዝ ተሸክማለች። «አውቅሻለሁ» አላት። «እኔም አውቅሃለሁ፤ ኮሌታህ ተጨማዷል» አለችው። በዚያው ተዋደዱ። ወሬው ባሕር ተሻግሮ አባትየው ጆሮ ሲደርስ፣ እሳቸው በታላቅ እህቱ በኩል ያችኑ አንድ ቃላቸውን ላኩ፦ «ይመለስ።» አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ እሱ በየወሩ ደብዳቤ ይጽፋል፣ አባትየው ትንፍሽ አይሉም።

መርፌ አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት ወደ ቀልድ ዞረች። «ጋሽ ኮሌታ» የሚል ስም አወጣችላቸው። እሱ አባቱን ባነሳ ቁጥር፣ ወይም ሲተክዝ ባየችው ቁጥር፣ ቅንድቧን ከፍ አድርጋ «ኮሌታቸው ደህና አደረ?» ትለዋለች። እሱም የቱንም ያህል ቢከፋው ይስቃል። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ያልቀረች ቀልድ ናት። መቼም አንደበቷ ስለት ነው፤ በሞተ ሰው ላይ ግን አትቀልድም። ያ ሠራተኛውን ሁሉ ሲያስለቅስ የኖረ የሆቴሉ አለቃ ድንገት የሞተ ጊዜ እንኳን፣ ሁሉም አፉን ሲከፍትበት እሷ «ሙት ወቃሽ አታድርጉኝ» ብላ ክር መጠቅለሏን ቀጥላለች። አሳንሰር ይህን ጠባይዋን ይወድላት ነበር።

ሐሙስ ዕለት ከስፌት መኪናዋ ጎን ስልኳ ጮኸ። የአሳንሰር ታላቅ እህት ነበሩ። «ያቺ ልጅ» ከማለት በቀር ጠርተዋት የማያውቁት ሴት «እህቴ» ብለው ጀመሩ። መርፌ ክፉ ነገር መምጣቱን ያወቀችው በዚያች «እህቴ» ነው።

«አባባ አረፈ» አሉ። «ዛሬ ሌሊት፣ በልቡ። ነገ እንቀብረዋለን። ልጁ ግን እንዳይሰማ።»

«እንዴት አይሰማም እትዬ?»

«በገመድ ተንጠልጥሎ የሚሠራ ሰው እኮ ነው! ብቻውን ሆኖ ቢሰማ ምን ይውጠዋል? እሑድ ማታ ሰው ሰብስባችሁ፣ አስቀምጣችሁ፣ በወጉ ይነገረው። እስከዚያ አደራ፣ ካንቺ አፍ እንዳይወጣ።»

«ቅዳሜና እሑድ ከጓደኞቻችን ጋር ወደ ትልቁ ከተማ ልንሄድ ነበር። እንተወው?»

«ኧረ እንዳትተዉት! ይጠረጥራል። እንዲያውም ይዛችሁት ውጡ። እዚያ ያለው ያገራችን ሰው ነገ ሁሉም ይሰማል፤ አንዱ ወሬ የማያሳድር መንገድ ላይ አግኝቶ ያረዳዋል።» ድምፃቸው ለሰለሰ። «ይህን ነገር በወጉ ካደረግሽልን ያንቺም ነገር በቤተሰቡ ይታያል። ቃሌ ነው። እናትሽም እዚሁ ናት፣ እያገዘችን ነው።»

«እያገዘችን» ማለት ምን ማለት እንደሆነ መርፌ ታውቃለች። እናቷ እንደ ድሮው በጓሮ ገብታ የእንግዳ ዕቃ እያጠበች ነው። ይህ አንጀቷን በላት። ግን «ያንቺም ነገር ይታያል» የምትለዋን ሁለት ዓመት ሙሉ በሕልሟም በእውኗም ስትጠብቃት ኖራለች፣ እና ልቧ ዘለለ። አዎ፣ በዚያች በመርዶ ሰዓት ልቧ በደስታ ዘለለ። ከሐሙስ ጀምሮ እንቅልፍ የነሳት አባትየው መሞታቸው ብቻ አልነበረም፤ ይህቺ የደስታ ዝላይ ናት።

❖

መኪናውን የሚነዳው በትልልቅ አውቶብሶች ላይ የሚሠራው ወዳጃቸው ነው፤ ሾፌሩ እንበለው። አጠገቡ የተቀመጠችው ነርሷ ሚስቱ ናት፤ ሁሉም «ሲስተር» ይሏታል። መርፌ ምሥጢሩን ለሁለቱ ብቻ ነግራለች፤ ሰው የሚሰበሰበውም እነሱ ቤት ነው።

ሦስት ሰው ያወቀውን አራተኛው ሳያውቅ በአንድ መኪና መጓዝን አያሳያችሁ። በሚያስቀው ነገር ማንም አይስቅም፣ በማያስቀው ሁሉም ይስቃል። ሾፌሩ ሬዲዮ ከፈተ፤ ለስለስ ያለ የእንጉርጉሮ ዜማ ሲመጣ ደንግጦ ዘጋው። ሲስተር ደግሞ ሳንድዊች ማቀበል አላቆመችም።

«ብላ እንጂ፣ ኧረ ብላ። ኋላ አቅም ያስፈልግሃል።»

ባሏ በመስታወቱ አፈጠጠባት። አሳንሰር አፉን እንደሞላ ሳቀ።

«ምን ሆናችኋል ዛሬ? ሊታረድ እንደሚቀለብ በግ አደረጋችሁኝ እኮ!»

ሁሉም ሳቁ። ሳቃቸው ከሚገባው በላይ ረዘመ።

«ቻርጀሬን ያየ አለ?» አለ ቆይቶ፣ ኪሱን እየዳበሰ። «ስልኬ ባትሪ ሊጨርስ ነው። ሻንጣዬ ላይ አስቀምጬው ነበር።»

 ቻርጀሩ በሲስተር ቦርሳ ታች፣ በሹራብ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ሻንጣ ሲጫን ያነሳችው እሷ ናት፣ እንድታነሳ የነገረቻት መርፌ ናት። «ሳል ይዞ ስርቆት» ይሏችኋል ይህ ነው፤ ሲስተር ወዲያው ሳል ያዛት።

«ይሁን፣ ሁለት ቀን ያለ ስልክ አልሞትም» አለ አሳንሰር። ከዚያ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ በሁለቱ ወንበሮች መሐል ጭንቅላቱን አስገባ። «እኔ ይህን ጉዞ ለምን እንደቸኮልኩለት አልነገርኳችሁም። እዚያ ከተማ አንዲት ያገራችን ባለሱቅ አለች፤ በቀደም ነው ከአገር ቤት የተመለሰችው። አባቴ በእጇ ደብዳቤ ላከልኝ! አባቴ! በገዛ እጁ የጻፈው!»

መኪናው ወደ መንገዱ ጠርዝ ዘመም አለና ተስተካከለ።

አሳንሰር ወደ መርፌ ዞረ። ዓይኑ ያበራል። ጠበቃት፤ ቅንድቧ ከፍ እስኪል፣ ያቺ ጥያቄ እስክትመጣ ጠበቃት። መርፌ የሳንድዊቹን ወረቀት አጣጠፈች።

«ጥሩ ነው» አለችው።

«ጥሩ ነው?»

«በጣም ጥሩ ነው። ደስ ይላል።»

ፈገግታው ትንሽ ቆየና ረገበ። «እንቅልፍ አልጠገብሽም መሰለኝ» ብሎ ጃኬቱን አወለቀና ጉልበቷ ላይ ጣል አደረገላት። ሙቀቱ ገና አልለቀቀም ነበር። መርፌ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ ዝናብ የያዘውን ሰማይ እያየች፣ ያ ሙቀት እንደማይገባት ታውቅ ነበር።

❖

ትልቁ ከተማ በጭጋግ ተቀበላቸው። የረጃጅሞቹ ሕንፃዎች ጫፍ አይታይም። የመንገድ ባቡሮች ደወላቸውን እየደወሉ ይተላለፋሉ፤ ሰው ጃንጥላውን እንደ ጋሻ ወደ ፊት ይዞ ይሮጣል። አሳንሰር ግን እንደ ልጅ ሆኖ ነበር። እርግብ ያሳያቸዋል፣ በመስታወት በር ላይ ፊቱን ያጣምማል፣ ሾፌሩን ከአውቶብስ ፌርማታ ላይ አቁሞ «እስቲ ዛሬ እንኳን ተሳፋሪ ሁን» ይለዋል። መርፌ ሁሉንም ታያለች። እነዚህን ሰዓታት ኋላ አንድ በአንድ እንደሚያስታውሳቸው፣ እያንዳንዷን ሳቁን እንደሚጠላት እያሰበች ታያለች።

ባለሱቋ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሻንጣና ጃንጥላ የምትሸጥ፣ ጠና ያለች ሴት ናት። አሳንሰር የማን ልጅ እንደሆነ ሲነግራት ፊቷ ድንገት ተለወጠ። መርፌ አየቻት። ባለሱቋ ሰምታለች! መርፌ ከአሳንሰር ትከሻ ኋላ ሆና በዓይኗ ለመነቻት፤ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ሴትዮዋ ገባት። ከመሳቢያዋ ፖስታውን አወጣችና በሁለት እጇ ሰጠችው።

«በርታ፣ ልጄ» አለችው።

«ለምኑ ነው የምበረታው?»

«ለ… ለሥራው ነው። የሰው አገር ሥራ ከባድ አይደል?»

ሱቁን ለቀው ሲወጡ «እንግዳ ሴት ናት» አለ፤ ፖስታውን በደረት ኪሱ አስገብቶ አዝራሩን ቆለፈ። «ነገ ጠዋት ድልድዩ ላይ፣ ሁላችሁም ባላችሁበት ነው የምከፍተው። እርግማንም ቢሆን ብቻዬን አልሰማውም።»

ያረፉበት ማረፊያ አሮጌ ነው፤ አሳንሰሩም የብረት መዝጊያ ያለው፣ ሲወጣ የሚያቃስት ዓይነት። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ብቻ ወደ ሰባተኛ ፎቅ ሲወጡ በአራተኛና በአምስተኛ ፎቅ መሐል ቀጥ አለ። መብራቱም ጠፋ።

«አይዞሽ፣ ያለሽው ከባለሙያው ጋር ነው» አለ በጨለማው ውስጥ። ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። «ምንም አልሆነም። ራሱ ይመለሳል።» ወደ ራሱ ሳባት። ጉንጯ ደረቱ ላይ ሲያርፍ ፖስታው ተንኮሻኮሸ። የሞተ ሰው እጅ ፊቷን የነካት መሰላት።

«ጉድጓድ ውስጥ ስሠራ የምፈራው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አላት። «መውደቅን አይደለም። እንደተኳረፍን አንዳችን እንዳንሞት ነው። አንዳንድ ቀን ገመዱን ከማሰሬ በፊት ቆሜ ‹ዛሬ አይሁን› እላለሁ። አሁን ግን ይኸው ደብዳቤው እኔ ጋ ነው። ቀለል ብሎኛል፣ መርፌዬ። የሆነ ትልቅ ነገር ከትከሻዬ የወረደ ይመስለኛል።»

«አንድ ነገር ልንገርህ» አለች። ሳታስበው ነው የወጣት።

«ንገሪኝ።»

ልትነግረው ነበር። ቃሉ አፏ ውስጥ ሞልቶ ነበር። ግን እዚህ? በጨለማ፣ በገመድ ላይ ተንጠልጥለው? «አደራ» የሚለው የእትዬ ድምፅ መጣባት፤ ከአደራው ኋላ ደግሞ ያችኛዋ ተከትላ መጣች፣ «ያንቺም ነገር ይታያል።» መርፌ ቃሉን መልሳ ዋጠችው። መብራቱ ብልጭ ብሎ በራ፤ አሳንሰሩ አቃሰተና ወደ ላይ ተንቀሳቀሰ።

«ምን ልትዪኝ ነበር?»

«እወድሃለሁ ልልህ ነበር።»

እውነቷን ነው፣ ትወደዋለች። ግን በሕይወቷ እንደዚያች ደቂቃ ራሷን የጠላችበት ጊዜ የለም።

❖

እሑድ ጠዋት ዝናቡ ቆሟል፣ ጭጋጉ ግን ወንዙ ላይ ተኝቷል። አራቱ ድልድዩ መሐል ደርሰው ቆሙ። ከሥራቸው ውኃው ጠቁሮ ይሄዳል። አሳንሰር ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ መርፌ ኮሌታውን አየችና ዓይኗን ሰበረች። በደንብ ተተኩሷል። በማረፊያው ካውያ ራሱ የተኮሰው ነው።

ፖስታውን በጥንቃቄ ቀደደ። አንድ ወረቀት ብቻ ነው። ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ።

«ልጄ፣ ደብዳቤዎችህ ሁሉ ደርሰውኛል። አንዱንም አልጣልኩም። መልስ ያልሰጠሁህ እልህ ይዞኝ ነው፤ እልህ ደግሞ ለሽማግሌ ጥሩ ነገር አይደለም፣ ያደክማል። እኔም ደክሞኛል። ልጅቱን ይዘሃት ና። እናቷን ሃያ ዓመት በጓሮ በር አስገባኋት። እሷ በዋናው በር ትገባለች፣ በሩንም ቆሜ የምከፍትላት እኔ ነኝ።»

አሳንሰር ንባቡን ገታ አድርጎ መርፌን አያት።  መርፌ የድልድዩን ብረት በሁለት እጇ ያዘች።

«‹ጋሽ ኮሌታ› እንደምትለኝ ጽፈህልኛል። እህትህ ተቆጥታ ነበር፣ እኔ ግን ብቻዬን ሆኜ ስቄአለሁ። በየቀኑ ትጠይቅሃለች አሉ። እንግዲህ መልሱን ከራሴ ስማ። ኮሌታዬ ደህና አድሯል በላት።»

«ኮሌታዬ ደህና አድሯል!» ብሎ ጮኸ አሳንሰር። ወረቀቱን ወደ ሰማይ አንስቶ ዞረ። መንገደኛው ሁሉ ያየዋል። «ሰማችሁ? አባቴ ቀለደ! በዕድሜው ሙሉ ቀልዶ የማያውቅ ሰው ቀለደ!» መርፌን በሁለት ትከሻዋ ያዛት፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ይስቃል። «በይ ጠይቂኝ! አሁን መልስ አለኝ! ጠይቂኝ እንጂ!»

መርፌ አየችው።

«በይ እንጂ መርፌዬ! ለሁለት ዓመት የጠየቅሽውን ዛሬ አንድ ጊዜ ጠይቂኝ!»

ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ድምፅ አልወጣም። እግዚአብሔር ያያል፣ ሞክራለች።  ከጀርባዋ ሲስተር ሳግ አመለጣት። ሾፌሩ ኮፍያውን አወለቀ። ለምን እንዳወለቀው እሱም አያውቅም፤ እጁ ነው ያወለቀው።

አሳንሰር መሳቁን ወዲያው አላቆመም። ሳቁ ፊቱ ላይ ለብቻው ቆየ፣ ባለቤት እንደሌለው ቤት። ከዚያ እጆቹ ከትከሻዋ ቀስ ብለው ወረዱ።

«ትናንት መኪና ውስጥም አልጠየቅሽኝም» አለ።

መርፌ ዓይኗን ወደ ውኃው መለሰች።

«ዓርብ ምሳ ስንበላ ስለ እሱ አወራሁልሽ። ያኔም አልጠየቅሽኝም። ሐሙስ ማታ በስልክ…» እያሰበ ነበር፤ እንደ ሥራው ነው፣ የተቋረጠውን ገመድ ከላይ ወደ ታች እየዳበሰ እንደሚፈልግ ሰው። «ከሐሙስ ወዲህ በአባቴ አልቀለድሽም።» ድምፁ አነሰ። «አንቺ በሞተ ሰው ላይ አትቀልጅም።»

«ይቅር በለኝ» አለች መርፌ።

«አይደለም በዪኝ።»

«ይቅር በለኝ።»

«መቼ?»

«ለሐሙስ አጥቢያ። በልባቸው።»

«ተቀበረ?»

«ዓርብ። ስድስት ሰዓት ላይ።»

«ዓርብ ስድስት ሰዓት» አለ ቀስ ብሎ። «ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ እኔና አንቺ ምሳ እየበላን ነበር። ሹካ ጣልኩና ሳቅን። አባቴ አፈር ሲለብስ እኔ እየሳቅኩ ነበር፣ አንቺም እያወቅሽ ታዪኝ ነበር።»

ሲስተር እያለቀሰች ከቦርሳዋ ቻርጀሩን አውጥታ ዘረጋችለት። የማይረባ ነገር ነው፣ ግን ሌላ የምትሰጠው ነገር አልነበራትም። አሳንሰር ቻርጀሩን አየ፣ እሷን አየ፣ ባሏን አየ። ሁሉም ገባው።

«ማን ነው ዝም በዪ ያለሽ?»

«እትዬ ናቸው። ብቻህን እንዳትሰማው፣ በወጉ እንዲነገርህ ብለው ነው…» መርፌ ቆመች። እዚህ ላይ ማቆም ትችል ነበር፣ ማንም አይጠይቃትም ነበር። ግን በማረፊያው አሳንሰር ውስጥ የበላችው ቃል አንቋት አድሯል። «ሌላም ብለውኛል። ዝም ካልሽ ያንቺም ነገር በቤተሰቡ ይታያል አሉኝ። እኔም… ለሱም ነው ዝም ያልኩት። እንደ ሰው እንዲቆጥሩኝ ብዬ ነው። ትናንት ጨለማው ውስጥ ልነግርህ ነበር፣ ለሱ ብዬ ተውኩት።»

 አሳንሰር ደብዳቤውን በአራት አጥፎ እጇ ላይ አስቀመጠው።

«እሱ እኮ ቆጥሮሽ ነበር» አላት። «ሳትጠይቂው። ሳትገዢው።»

ዞሮ በጭጋጉ ውስጥ ብቻውን ወደ መኪናው ሄደ። መርፌ በብርዱ ቆማ ቀረች፤ ሀፍረት ሲያቃጥል እንደ እሳት ነው የሚሉትን ዛሬ አመነች።

❖

ሲመለሱ አሳንሰር ከፊት፣ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ። ትናንት ጎኗ ነበር። መርፌ ከኋላ ሆና ማጅራቱን ብቻ ታያለች። ዝናቡ እንደገና ጀምሮ መስታወቱን ይመታል። ሰዓቱ ነጎደ፣ እሱ አንድ ዘለላ እንባም አልወጣውም። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መንገዱን ያያል።

«ማልቀስ አለበት» አለች ሲስተር በመርፌ ጆሮ። «እንዲህ ደርቆ የቀረ ሰው አይቻለሁ። ይጎዳል። አንቺ አንድ ነገር በዪው።»

ምን ትለዋለች? ያላት ቃል ሁሉ ረክሷል። «አይዞህ» ብትለው ያሳፍራል፣ «ይቅርታ» ብትለው ስለራሷ ነው። ማታ ሰው ይሰበሰባል፣ ሁሉም ይከቡታል፣ ነገ ጠዋት ወደ አገሩ ይበራል። እትዬ በዋናው በር ይቀበሉታል። ከዚያ በኋላ ተመልሶ የሚመጣበት ምን ምክንያት አለ? እሷ ጋ የሚመጣበትስ? ደብዳቤው መዳፏ ውስጥ በላብ ረጥቦ ነበር። በሩን ቆመው ሊከፍቱላት የነበሩት ሰው የሉም፤ ያ በር ሲዘጋ ከዚህ ሆና ሰማችው።

«ጠይቂኝ» አለ አሳንሰር።

ፊቱን አላዞረም። መጀመሪያ የሰማችው አልመሰላትም።

«ምን?»

«ሁልጊዜ የምትጠይቂኝን።»

ሾፌሩ ፍጥነት ቀነሰ። ሲስተር የመርፌን ክንድ ጨበጠች። መርፌ ማጅራቱን አየች፤ ማታ በማረፊያው ካውያ የተኮሰው ኮሌታ በዝናቡ እርጥበት ተኮማትሯል። ሙት ወቃሽ እሆናለሁ ብላ የፈራችው ሁሉ ከሆዷ ወጣ። እሳቸው ራሳቸው መልሰውላት የለም? ትንፋሽ ሳበች፣ ቅንድቧንም ሳታውቀው ከፍ አደረገች፤ ድምፅዋ ግን መሐል ላይ ተሰበረ።

«ኮሌታቸው… ደህና አደረ?»

አሳንሰር እጁን ወደ አንገቱ ልኮ ኮሌታውን ነካ።

«ደህና…» አለ አሳንሰር። «ደህና አ…»

መጨረስ አልቻለም። ትከሻው ተነሣ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ከደረቱ ሥር የሆነ ነገር ተቀደደ። «አባዬ!» ብሎ ጮኸ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልጠራውን ስም እየደጋገመ ጠራው። ሾፌሩ መኪናውን ዳር አስያዘና እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ ተቀመጠ፣ እሱም አለቀሰ። ሲስተርም አለቀሰች። መርፌ ብቻ አላለቀሰችም፤ ወደ ፊት ጎንበስ ብላ ሁለት እጇን በእርጥቡ ኮሌታ ላይ አሳረፈች፣ ቢያራግፈኝም ይገባኛል ብላ። አላራገፋትም።

ብዙ ቆይቶ ልቅሶው ወደ ሳግ፣ ሳጉ ወደ ትንፋሽ ሲወርድ፣ አሳንሰር በመዳፉ ፊቱን ጠረገ።

«ነገም ጠይቂኝ» አላት፣ አሁንም ሳይዞር። «አባቴ ቤት ስንገባ፣ በሩ ላይ ቆመሽ፣ ሁሉም እየሰሙ ጠይቂኝ።»

«ስንገባ» ነበር ያለው። መርፌ ግንባሯን ትከሻው ላይ አስደግፋ፣ ከሐሙስ ጀምሮ ይዛው የሰነበተችውን እንባ ያን ጊዜ ለቀቀችው።